ጥይቷ የት ትቆማለች?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ፣ የማይነሣ ወሬ የለም። በኳስ ይጀመርና ዶላር ላይ ይደርሳል፤ ከዶላር ተነሥቶ የጫት ዋጋ ላይ ያርፋል። ሰሞኑን ግን ጨዋታው ሽጉጥ ላይ ተጥዶ ከረመ። አንዱ ወጣት አሜሪካኖች በሥጋ ምትክ ለሙከራ በሚያገለግል ጄላቲን ላይ ሲተኩሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ «አቦ፣ የዘጠኝ ሚሊና የአርባ አምስት ጥይት አንድ ናቸው፤ በሳይንስ ተረጋግጧል!» አለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ጡረተኛ መቶ አለቃ ፈቃድ ያለው ማካሮቭ አላቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ አርባ አምስት ሰው አንሥቶ ይጥላል። የእኔዋ ትበሳዋለች እንጂ አትጥለውም። አንድ ናቸው አትበለኝ» አሉት።

ሁለቱም ከእውነቱ ቆንጥረው ይዘዋል። ልጁ የጠቀሰው ውጤት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። ያችን ጥይት ደግሞ እዚህ አገር በሲቪል ሰው ካርታ (የሽጉጥ ጥይት መያዣ) ውስጥ ገብታ አይቻት አላውቅም። መቶ አለቃውም የራሳቸውን ሽጉጥ አሳምረው ያውቋታል፤ ስለ አርባ አምስቱ የተናገሩት ግን ከመቶ ዓመት በፊት ከአሜሪካ የተነሣ ተረት ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ «ዘጠኝ ሚሊ» ስንል ሦስት የተለያዩ ጥይቶችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። መቶ አለቃው የቁልፋቸው ማንጠልጠያ ያደረጉትን የማካሮቭ ቀለህ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሟት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ቁመቷ 18 ሚሊ ሜትር ነው። ዘጠኝ በአሥራ ስምንት የምትባለውም ለዚህ ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሏት ናት፤ ወደ እኛም በደርግ ዘመን ከሩሲያ መሣሪያ ጋር ገባች። ከእሷ በአንድ ሚሊ የምታጥረው ዘጠኝ በአሥራ ሰባት የአሜሪካዊው መሣሪያ ሠሪ የብራውኒንግ ሥራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ወጣች። የጣሊያን መኮንኖች ይታጠቁት የነበረው ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው እሷን ነው። ሦስተኛዋ፣ ዓለም ሁሉ «ዘጠኝ ሚሊ» ሲል የሚያስባት፣ ጀርመናዊው ጌዮርግ ሉገር እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣት ዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ ፓራቤለም ናት። የማካሮቭ አረር ውፍረቱ 9.27 ሚሊ፣ የፓራቤለሙ ግን 9.02 ሚሊ ስለሆነ አንዷ በሌላዋ ቦታ አትገባም። ዘጠኝ ሚሊ ነው ተብሎ ያልሆነውን የጎረሰ ሽጉጥ ጥይቱ ሲቀረቀርበት፣ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የስሙ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የማካሮቭ አረር 6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 315 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጉልበቱ 300 ጁል ይሆናል። ፓራቤለም 8 ግራም አረሩን በ350 ሜትር ሲልከው 490 ጁል ይደርሳል። አርባ አምስቱ፣ ማለትም ስፋቱ ከ11 ሚሊ የሚያልፈው የብራውኒንግ ጥይት፣ ወደ 15 ግራም የሚመዝን አረር አለው፤ ፍጥነቱ ግን 255 ሜትር ገደማ ነው። ተባዝቶ ሲወጣ 480 ጁል አካባቢ ነው። የሰባት ነጥብ ስድስት ሁለቱ ቶካሬቭ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ 500 ጁል ይነካል። ካሊበር አርባ የሚባለውም 11.7 ግራሙን በ300 ሜትር ይዞ ከ500 ጁል ትንሽ ከፍ ይላል። ማካሮቭንና አጭሯን ዘጠኝ ለብቻ ካስቀመጥናቸው፣ ሌሎቹ ሁሉ እዚያው እዚያው ናቸው። አንዱ ክብደት ያመጣል፣ አንዱ ፍጥነት፤ ሒሳቡ ግን አንድ ቦታ ይገናኛል።

ይህን ሁሉ ከክላሽ አጠገብ አስቀምጡት። ክላሽ 8 ግራም የማይሞላ አረር በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይልካል፤ 2,000 ጁል። ክላሽ የያዘ ሰው የከዚራውን ክርክር ቢሰማ ሁለት ዝንጀሮ ስለ ቁመት ሲከራከር ያየ ያህል ይስቅ ነበር።

«አንሥቶ ይጥላል» የሚለውን ከሒሳቡ በፊት በእጃችን እንመዝነው። ተኳሹን ራሱን የማይጥል ሽጉጥ የተመታውን ሰው በምት ብቻ ሊጥለው አይችልም፤ ጥይቷ ወደፊት የምትሄድበት ግፊት ወደ ኋላ የተኳሹን መዳፍ ከሚገፋው ጋር እኩል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከጉልበት ግድም፣ ቢለቀቅ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ግፊት ፓራቤለም ሰው ላይ ሲያርፍ ከሚኖረው ጋር ይተካከላል። የአርባ አምስቱን ለማግኘት ያንኑ ስኳር ከጠረጴዛ ላይ መጣል ነው፣ 74 ሴንቲ ሜትር። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በፓራቤለም ሲመታ ሙሉ ግፊቱን ቢቀበል እንኳ በሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚገፋው። ሰው በጥይት ተመትቶ የሚወድቀው ሰውነቱ ውስጥ በደረሰው ጉዳት፣ ወይም በድንጋጤ፣ ወይም «ስመታ መውደቅ አለብኝ» ብሎ በፊልም ስለተማረ ነው።

ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ? የአሜሪካ ጦር ፊሊፒንስ ውስጥ ሲዋጋ ትንሹ የ38 ካሊበር ሽጉጡ የሚመጣበትን ተዋጊ ቶሎ አላቆመለትም። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለት መኮንኖች፣ ቶምሰንና ላጋርድ፣ ቺካጎ ወዳለው የከብት ገበያ ሄደው የተለያየ ካሊበር በሬ ላይ ተኮሱ፤ ሬሳ ላይም ሞከሩ። የደረሱበት ድምዳሜ ከ45 ካሊበር ያነሰ አይያዝ የሚል ነው፤ ኮልት 1911 ከዚያ ተወለደ። ሙከራውን ሳነብ ሁሌም የሐረር ሰንጋ ነው የሚታወሰኝ። በሬዎቹ የተመቱበት ቦታ ይለያይ ነበር፤ የተተኮሰባቸው ጥይት ብዛትም እንዲሁ። አንዳንዶቹ ሽጉጥ ጥይቱን አራግፎ ሳለ ቆመው ነበር፤ ትልቁም ትንሹም ጥይት ማለት ነው። ሰንጋ ሲታረድ ያየ የሐረር ልጅ እንስሳ ወዲያው እንደማይወድቅ ለማወቅ ቺካጎ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ኮልት የሚለው ስም ግን ዓለምን ዞረ፤ የአርባ አምስቱም ዝና አብሮት።

ሁለተኛው ምዕራፍ ማያሚ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1986 የኤፍቢአይ ሠራተኞች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን መንገድ ላይ ሲይዙ ተኩስ ተከፈተ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በጊዜ በዘጠኝ ሚሊ ተመቷል። ያቺ አፈ ክፍት ጥይት፣ ማለትም ጫፏ ጎድጉዶ ሥጋ ውስጥ እንድታብጥ የተሠራችው፣ ክንዱን በስታ ደረቱ ገባች፤ አበጠች፤ ልቡ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ያን ቀን የጠፋው ነገር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነበር።

ኤፍቢአይ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለወጠው። «ምን ያህል ጉልበት አላት?» የሚለውን ትቶ «ምን ያህል ትገባለች?» ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምይዘው እሱን ነው፦ ልቡ ሙሉ በሙሉ የወደመ ሰው እንኳ አንጎሉ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አስቦ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በ15 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰው ከከዚራ ጥላ ተነሥቶ አስፋልቱን ይሻገራል። ወዲያው የሚያቆመው አንጎል ወይም የአከርካሪ ነርቭ ሲመታ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ደም እስኪፈስ መጠበቅ ነው። በሽጉጥ ፍጥነት ደግሞ ጥይቷ ስታልፍ የምትገፋው ሥጋ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ጡንቻም ሳንባም እንዲሁ። ያን መለጠጥ የማይችሉት እንደ ጉበትና አንጎል ያሉት ናቸው። ስለዚህ የሽጉጥ ጥይት የምትጎዳው ራሷ የነካችውን ነው፤ ቀዳዳዋን ያህል።

መለኪያው ጄላቲን ነው። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣው ዱቄት አሥር በመቶ ተደርጎ በውኃ ይበጠበጥና 4 ዲግሪ ላይ ይቀዘቅዛል። (ድሬዳዋ ላይ መብራት በሄደበት ቀን ቢሞከር ጥይት ሳይነካው ይቀልጣል።) ጥሩ የምትባል ጥይት በዚህ ውስጥ ከ30 በታች መቅረት፣ ከ46 ሴንቲ ሜትር በላይም ማለፍ የለባትም። ደረት 46 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው አይደለም። ጥይት ሁሌ ፊት ለፊት አታገኝም፤ እንደ ማያሚው ክንድ በስታ፣ በጎን ገብታ ነው የምትደርሰው። ጄላቲኑ ፊት ወፍራም ልብስ፣ ቺፑድ መሰል እንጨት፣ ላሜራ፣ የመኪና መስታወት እየተደረገም ይሞከራል።

ቀጥሎ የመጣው የካሊበር ሽሽት ነው። መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊ ሄዱ፤ እጅ በጣም የሚመታ ሆነ። ከዚያ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1990 ካሊበር አርባን አወጡ፤ የአሜሪካ ፖሊስ ተሻማው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ኤፍቢአይ ወደ ዘጠኝ ሚሊ ፓራቤለም ለመመለስ ምክንያቱን ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግሎክ ሽጉጥ ገዛ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አፈ ክፍት ጥይት ተሻሽሏል፤ ዘጠኝ ሚሊው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ወደ 15 ሚሊ ያብጣል፣ አርባ አምስቱ ወደ 17፤ ሁለቱም የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ይደርሳሉ። የሁለት ሚሊ ልዩነት ቀዶ ሐኪም እንኳ ቁስሉን አይቶ የማይለየው ነው። በሌላ በኩል ዘጠኝ ሚሊ እጅ አይመታም፣ ካርታው ብዙ ይጎርሳል፤ ግሎክ 17 አሥራ ሰባት፣ ኮልት 1911 ግን ሰባት። ያው የእ.ኤ.አ. 2014 ጽሑፍ ፖሊሶች በተኩስ ጊዜ ከሚተኩሱት ከ70 እስከ 80 በመቶው እንደሚስት ይናገራል። የሠለጠኑ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚለማመዱ ሰዎች ማለት ነው።

የልጁ ቪዲዮ የሚያሳየው ይህን ውጤት ነው። አሁን ወደ ድሬ እንመልሰው።

የእኛ ካርታ ውስጥ ያለው ጥይት አረሩ በብረት ወይም በመዳብ ሙሉ በሙሉ የተለበጠ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ ለወታደር የተሠራ ነው። ወታደር ይህን የሚይዘው እ.ኤ.አ. የ1899 የሄግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ የሚያብጥ ጥይትን በጦርነት ስለከለከለ ነው። ያቺ ጥይት አታብጥም። ዘጠኝ ሚሊ ገብታ ዘጠኝ ሚሊ ትወጣለች። በጄላቲን ውስጥ ፓራቤለሙም አርባ አምስቱም እንዲህ ተለብጠው ሲተኮሱ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳሉ፤ 46ቱን አልፈው። «አንድ ናቸው» የሚለው ፍርድ በሚያብጥ ጥይት ላይ የተሰጠ ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ ግማሹ ይገለበጣል። ለምሳሌ አርባ አምስቱ ሳያብጥም 11 ሚሊ ነው፤ መቶ አለቃው በዚህ በኩል ትክክል ናቸው፣ ቀዳዳው ሰፋ ይላል። ሁለቱ ግን በአንድ ነገር እኩል ሆነው ይቀጥላሉ፦ ሁለቱም ሰውየውን በስተው ይወጣሉ።

ማካሮቭ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። «አፈ ክፍት ጥይት ብናመጣላትስ?» ብሎ ልጁ ጠየቀ። ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ ካበጠች ቶሎ ትቆማለች፤ ብዙ ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ሳትሞላ። ካላበጠች ደግሞ በስታ ትሄዳለች። አጭሯ ዘጠኝም እንዲሁ ናት። ትንሽ ካሊበር የያዘ ሰው ጥልቀት ወይም ስፋት ይመርጣል፤ ሁለቱን አያገኝም። ፓራቤለምና ከእሱ በላይ ያሉት ሁለቱንም መስጠት መቻላቸው ነው ትክክለኛው ልዩነት። ስለዚህ የምር ወሰን ካለ በ300 እና በ480 ጁል መካከል ነው፤ በዘጠኝና በአርባ አምስት መካከል አይደለም። የልብሱ ጉዳይ ግን እኛን ብዙም አይመለከትም። የአሜሪካኖቹ ጭንቀት ወፍራም ልብስ የጥይቷን ክፍት አፍ ደፍኖ እንዳታብጥ ማድረጉ ነው፤ ድሬ ላይ በሽርጥና በካናቴራ የሚሄድ ሕዝብ መካከል ይህ ያስቃል። ሐረር በምሽት ጃኬት ይለበስ ይሆናል።

ስለ ቱርክ ሽጉጥም ተነሥቶ ነበር፤ በኮንትሮባንድ ተያዘ የሚል ዜና ከሰማን ስንት ዓመት ሆነን! አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ ናቸው። የድምፅ ሽጉጥ አካል በዚንክ ቅልቅል ነው የሚሠራው፤ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲሸከም አልታሰበም። የዚያን ካሊበር ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው፤ ቀድሞ የሚጎዳው የያዘውን እጅ ሊሆን ይችላል።

ስታልፍ ወዴት ነው የምትሄደው? እኔን ሌሊት የሚያነቃኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጥሩ ብሎኬት ብዙ ጊዜ የሽጉጥ ጥይት ይይዛል። የሐረር ጁገል የድንጋይ ግድግዳም ይይዛል፤ ግን ድንጋይ የተለበጠ ጥይትን ነጥሮ ይመልሳል። መገረ ወገር ኡጋን የሄደባት ያውቃታል፤ የተኳረፉ ሰዎች ሲተላለፉ ትከሻ ለትከሻ የሚነካኩባት፣ ለዕርቅ የምታስገድድ ጠባብ መንገድ ናት። እዚያ ውስጥ የነጠረች ጥይት መሄጃ የላትም፤ የምታገኘው ሰው ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ደግሞ ከዒላማው ጀርባ ልብስ ሰፊው፣ ገዢው፣ ሕፃን ያዘለችው አሉ። ላሜራ በር፣ ቆርቆሮ፣ ቺፑድ፣ ኮርኒስ፣ እነዚህ ለጥይት ግድግዳ አይደሉም፤ መጋረጃ ናቸው። ድሬ ላይ ግቢ ማለት ደግሞ ባለቤቱ ከፊት፣ ተከራዮቹ ከኋላ፣ በመካከል አንድ የውኃ ቧንቧ ነው። እናቴ ቤት በረንዳ ጣራ ላይ ተባራሪ ጥይት የበሳት ቀዳዳ አለች፤ የሠርግ ተኩስ ነው፣ ምናልባት የክላሽ። ጠዋት ጠዋት የአሥር ሳንቲም የምታህል ብርሃን ሲሚንቶው ላይ ትጥላለች፤ ፀሐይዋ ስትወጣ ብርሃኗ ከወንበሩ እግር ተነሥታ እስከ በሩ ትሄዳለች። የተኮሰው ሰው አላወቀም። እኛም አላወቅነውም።

ሕጉ የሚጠይቀውም ወደዚሁ ይጠጋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዙን በፈቃድ ያስራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕገ ወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መከላከልን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ስላለፈው ይናገራል። ነገር ግን አጥቂውን በስታ ጎረቤት ያገኘችው ጥይት በአንቀጽ 78 ጥላ ሥር በቀላሉ አትገባም፤ ጎረቤቱ ማንንም አላጠቃም። ዳኛው ፊት ደግሞ «አርባ አምስት ስለሆነች ነው» ማለት አይረዳም።

መቶ አለቃውን፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የተኮሱባት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«በ1983።»

«ካርታው ውስጥ ያሉት ጥይቶችስ?»

«ያኔ የነበሩት ናቸው። ስምንቱም አሉ።»

ስምንት ጥይት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ በቆርቆሮ ቤት፣ በድሬ ሙቀት። ባሩድ ሙቀት ሲደጋገምበት ያረጃል፤ አንዳንዱ ይከሽፋል። ከየትኛውም ካሊበር ሰንጠረዥ ይልቅ የእሳቸውን ማካሮቭ የሚወስነው ይህ ነው፤ እሳቸውም ሲሰሙት ሳቅ አላቸው።

«ሌባ ቢገባ ከአልጋዎ ሆነው ወደ በሩ ነው የሚተኩሱት?»

«ወዴት ልተኩስ ታዲያ?»

«ከበሩ ወዲያ ምን አለ?»

«ግቢው።»

«ከግቢው ወዲያስ?»

«ተከራዮቹ ናቸው።» ብርጭቆውን በጣታቸው አዞሩት። «ግድግዳው ቺፑድ ነው። ራሴ ነኝ ያሠራሁት።»

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ክርክሩ ወደ ጫት ዋጋ ተመለሰ።

በሳምንቱ ሳገኛቸው አልጋቸውን ወደ ሌላኛው ማዕዘን እንዳዞሩት ነገሩኝ፤ አሁን ከአልጋው ወደ በሩ ሲታይ ከኋላው ያለው የብሎኬቱ አጥር ነው። ጥይቶቹን ግን አልቀየሩም።